ዕውቀት የሚጠራቀምበት፣ ሰው የማይቋሰልበት ቦታ እንዴት ይሠራል?

ድርና_ማግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ጓደኛሞች አንድ ሐሳብ ስናብላላ ከርመናል። አሁን ኮድ መጻፍ ልንጀምር ነው፤ ከመጀመራችን በፊት ግን በዚህ ነገር ውስጥ ያለፈ ሰው ቢመክረን ብለን መጣን።

ሐሳቡ ይህ ነው። ማንም ሰው የሚያውቀውን የሚያስቀምጥበት፣ ማንም ሰው ደግሞ ሳይከፍልና ሳይመዘገብ ገብቶ የሚያነብበት የዕውቀት ቋት መሥራት እንፈልጋለን። “ዊኪፔድያ አለ አይደል?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ሳልከፍተው የምውልበት ቀን የለም። ነገር ግን ዊኪፔድያ የሚይዘው ቀድሞ በታተመ ምንጭ የተደገፈውን ነው፤ አንድ ሰው ከሥራው ያገኘውን ልምድ በቀጥታ ልጻፍ ቢል ደንቡ አይፈቅድለትም። ለኢንሳይክሎፒዲያ ትክክለኛ ደንብ ነው። ታዲያ መካኒኩ የሞተርን ሕመም ከድምፁ የሚለይበትን ዘዴ የት ይጻፈው? ነርሷ መርፌ የፈራ ሕፃንን እንዴት አባብላ እንደምትወጋው የት ታስቀምጠው?

ዛሬ እንዲህ ያለው ነገር የሚጻፈው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ነው። እኔ በሙያ ግሩፖች ውስጥ ብዙ ጊዜ አሳልፋለሁ። አንድ ሰው ጊዜውን ሰውቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ አብራርቶ ግሩም መልስ ይጽፋል። በማግሥቱ መልሱ በመልእክት ናዳ ተቀብሯል። ሳምንት ሳይሞላ ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ ያ ሰው ግን ሁለተኛ አይጽፍም። በዚያ ላይ ስድቡ አለ። ደኅና አድርገው የሚያውቁት ሰዎች አንድ በአንድ ዝም ሲሉ፣ ሜዳው ጮኾ ለሚናገር ሲለቀቅ አይቻለሁ። ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

ቦታው ራሱ ሊጠፋ መቻሉም አለ። ያሁ አንሰርስ ሰዎች ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሲጠያየቁበት ኖረው እ.ኤ.አ. በ2021 ተዘጋ። ብዙ እርባና የሌለው ነገር ነበረበት፤ ሌላ ቦታ የማይገኝ መልስም ነበረበት።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቅ። መጻፍ ለሁሉም ክፍት ይሁን ወይስ ሙያቸው ለተረጋገጠ ሰዎች ብቻ? ላይክ፣ ተከታይ፣ ሼር የሚባሉትን እናስገባ ወይስ እንተው? ሰዎች ሲጣሉስ ማን ይዳኝ?

---

ብዕርና_ላጲስ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ። ብዙ ዓመት ዊኪ ላይ፣ ማለትም ማንም ገብቶ ሊጽፍና ሊያርም በሚችልበት ድረ ገጽ ላይ፣ ስጽፍና ሳርም የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ከዚያው ልነሣ።

የመጀመሪያው ጥያቄህ ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። ከዊኪፔድያ በፊት ኑፔድያ የሚባል የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ነበር፤ ጂሚ ዌልስ እና ላሪ ሳንገር እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመሩት። ጸሐፊዎቹ በሙያቸው የተመሰከረላቸው እንዲሆኑ ተፈለገ፣ አንድ ጽሑፍም እስኪወጣ ድረስ ሰባት የግምገማ ደረጃ ማለፍ ነበረበት። በመጀመሪያው ዓመት ያንን ሁሉ አልፈው የወጡት ጽሑፎች ከሃያ ብዙም አልዘለሉም። በጥር 2001 ለኑፔድያ ረቂቅ ማዘጋጃ ይሁን ተብሎ ማንም የሚጽፍበት ዊኪ፣ ዊኪፔድያ፣ ተከፈተ። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ጽሑፎች ነበሩት። ረቂቅ ማዘጋጃው ዋናውን ዋጠው፤ ኑፔድያ በ2003 ተዘጋ።

ደግሞ አንተን በቀጥታ የሚመለከት ነገር ልንገርህ። የመጀመሪያው ዊኪ ለኢንሳይክሎፒዲያ የተሠራ አልነበረም። ዋርድ ከኒንግሃም በ1995 የከፈተው ፕሮግራመሮች ከሥራቸው ያገኙትን ልምድ እንዲለዋወጡበት ነው። አንተ “የት ይቀመጥ?” የምትለው ዓይነት ዕውቀት ማለት ነው። ስለዚህ ሐሳብህ ከዊኪ የራቀ አይደለም፤ ዊኪ ወደ ተነሣበት መመለስ ነው።

ክፍት የሆነው ለምን ሠራ? ሰው ሁሉ ደግ ስለሆነ አይደለም። ማበላሸት ቀላል ነው፣ ማስተካከል ግን ከማበላሸቱም የቀለለ ስለሆነ ነው። የእያንዳንዱ ገጽ ታሪክ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ይቀመጣል፤ አንዱ ደክሞ ያበላሸውን ሌላው በአንድ ጠቅታ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ጉልበታችሁን በር ላይ ዘበኛ ለማቆም አታባክኑት፤ መመለሻውን ቀላል ለማድረግ አውሉት።

ዘበኛ ሲቆም ማን ውጭ እንደሚቀር ደግሞ ታይቷል። ስለ ፊዚክስ ሊቋ ዶና ስትሪክላንድ የተዘጋጀ ረቂቅ ለእንግሊዝኛው ዊኪፔድያ ቀርቦ በግንቦት 2018 በቂ ምንጭ የለውም ተብሎ ተመለሰ። በጥቅምት መጀመሪያ የኖቤል ሽልማት አሸነፈች። ረቂቁን የመለሰው ሰው ደንቡን ነው የተከተለው። እኔን የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው፤ ደንቡን ሳይጥስ አንድ ሰው ሊዘጋበት መቻሉ።

ሌላው ጉዳይ አዲስ መጪ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔድያ ንቁ አርታኢዎች ቁጥር በ2007 ጣሪያ ነክቶ ከዚያ በኋላ ማሽቆልቆል ጀመረ። አሮን ሃልፋከርና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት፣ ጥራትን ለመጠበቅ የመጡት ደንቦችና ማበላሸትን በፍጥነት የሚሰርዙት ሶፍትዌሮች ቅን ልብ ይዘው የመጡትንም አዲሶች ጭምር ማባረራቸውን ነው። አንድ ሰው ሕይወቱን ሙሉ ያወቀውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፎ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ማሽን ሰርዞበት የደንብ ቁጥር ሲልክለት አስበው። አይመለስም። እኔ አዲስ ሰው የጻፈውን ስሰርዝ ምክንያቱን በራሴ ቃል ጽፌለት ነው፤ ገጹ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገሩ እንኳ ብትሆን የምትተርፍበትን መንገድ ፈልጌ ነው። ጊዜ ይወስዳል። ግን የተመለሱልኝ ሰዎች እነዚያ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ከእኔ የተሻሉ አራሚዎች ሆነዋል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልልህ ወደምፈልገው ልምጣ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ጽሑፍ ለዘላለም የሰውየው ነው። ስሙ ከላይ፣ ፎቶው ከጎን፣ ቁጥሩ ከታች። “ይህቺ ቦታ ተሳስታለች” ያለው ሁሉ ሰውየውን የተናገረ ይሆናል፤ እሱም የሚከላከለው ሐሳቡን ሳይሆን ራሱን ነው። ዊኪ ላይ ጽሑፉ የገጹ ነው። ማን ምን እንደጻፈ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል፤ ሆኖም ዓይን የሚያርፈው ነገሩ ላይ ነው። ጽሑፉ ከሰውየው ሲላቀቅ መታረም ውርደት መሆኑ ይቀራል። ጠባችን ሁሉ ይጠፋል ማለቴ አይደለም፣ በአንድ ፊደል የተጣሉ ሰዎች አይቻለሁ። ግን የምንጣላው ገጹ ምን ይበል በሚለው ስለሆነ ጠቡ ሲያልቅ በእጃችን የሚቀር አንድ የተሻለ ገጽ አለ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ጠቡ ሲያልቅ የሚቀረው ጠቡ ነው።

ሥራችሁን ከዚህ ጀምሩ። ሰው ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው ገጽ ይሁን እንጂ የሰው ፕሮፋይል አይሁን።

---

የድሮ_አወያይ፦

እህቴ ብዕርና_ላጲስ ያለችውን አብዛኛውን እቀበላለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን እለያታለሁ፤ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

እኔ ትልልቅ የውይይት ግሩፖችን ሳወያይ የቆየሁ ነኝ። ስለ ላይክና ስለ ሼር ለጠየቅከው፦ ሁለቱን ለያይተህ እያቸው፣ ጉዳታቸው አንድ አይደለም።

ላይክ ሰውን ወደ ቁጥር ያስጠጋዋል። ፌስቡክ ቁልፉን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ከዚያ በፊት አስተያየት ለመስጠት ቢያንስ አንድ ቃል መጻፍ ነበረብህ። ቁጥሩ በይፋ ሲታይ ሰው ቁጥር የሚያመጣለትን መጻፍ ይለምዳል። በማወያያቸው ግሩፖች ውስጥ አንድ የማከብረው ባለሙያ ነበር፤ ረጅምና ትክክለኛ መልስ ሲጽፍ የሚወድለት ጥቂት ነው፣ ሰው ላይ ሲሳለቅ ግን ሁሉም ያጨበጭባል። ቀስ በቀስ መሳለቁ ብቻ ቀረ። ያንን ሰው ያበላሸው ክፋቱ አይደለም፣ የተለካበት ሚዛን ነው።

ሼር ደግሞ ሐሰትን ያፈጥናል። የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሶሮሽ ቮሱጊ፣ ዴብ ሮይ እና ሲናን አራል በ2018 ባወጡት ጥናት ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሰራጩ ወደ 126 ሺህ የሚሆኑ ወሬዎችን መርምረዋል። ሐሰተኛው ወሬ መልሶ የመሰራጨት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጥ ነበር። ልብ በሉ፣ ሮቦቶቹን፣ ማለትም ሶፍትዌር የሚያንቀሳቅሳቸውን አካውንቶች፣ ከስሌቱ ቢያወጧቸውም ውጤቱ አልተለወጠም። የሚያሰራጨው ሰው ነው፤ አዲስና አስደንጋጭ ነገር ስለሚስበን። ስለዚህ በአንድ ጠቅታ የሚሰራጭ ነገር የዕውቀት ቋት ውስጥ አይኑር። ሊንኩን ገልብጦ የሚልክ ይላክ፤ ያቺ ትንሽ ድካም ራሷ ማሰቢያ ጊዜ ናት። ትዊተር ራሱ በ2020 “ሳታነብ ከማጋራትህ በፊት ልታነበው ትፈልጋለህ?” ብሎ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ማለቂያ የሌለው ገጽም እንዲሁ ይቅር፤ ገጽ የሚያልቅበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ታዲያ ጥሩው ጽሑፍ በምን ይለይ? ሁለት ጥሩ ነገሮች አሉ። ፖሊስ (Pol.is) የሚባል የሕዝብ ሐሳብ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር አለ፤ ታይዋን ውስጥ ቪታይዋን በተባለው ሂደት በ2015 ስለ ኡበር ሕግ ሲመከር ተሠርቶበታል። ሰው ሐሳቡን በአጭሩ ያስገባል፣ ሌላው ይስማማል፣ አይስማማም ወይም ያልፋል። መልስ መስጫ ቁልፍ የለም። ያልተስማማህ እንደሆነ የራስህን የተሻለ ሐሳብ ታስገባለህ እንጂ ሰውየውን ልትሰድበው የምትችልበት ቦታ አታገኝም። ከዚያ ሶፍትዌሩ ጎራዎቹን ለይቶ፣ ሁሉም ጎራ የተስማማበትን ያወጣል። ትዊተር በ2021 በርድዋች ብሎ የጀመረው፣ ዛሬ ኮሚዩኒቲ ኖትስ የሚባለው፣ ተጠቃሚዎች አሳሳች ጽሑፍ ሥር ማስታወሻ የሚጨምሩበት ሥርዓትም በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚሄደው፦ አንድ ማስታወሻ ለሕዝብ የሚታየው ብዙ ድምፅ ስላገኘ ሳይሆን፣ በሌላ ጊዜ የማይስማሙ ሰዎች በዚህኛው ላይ ጠቃሚ ነው ብለው ሲስማሙ ነው። ለእናንተ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ድምፅ ከቆጠራችሁ፣ ከተለያየ ወገን የመጣውን ቁጠሩ። የአንድ ወገን ሺህ ጭብጨባ ስለ ገጹ ምንም አይነግራችሁም።

ዳኝነቱን በተመለከተ ኤሊኖር ኦስትሮምን አንብቡ፤ በ2009 የምጣኔ ሀብት ኖቤል የተሸለመችው። የጋራ ግጦሽን፣ የመስኖ ውኃን፣ የዓሣ ማስገሪያን በጋራ ሲጠብቁ የኖሩ ማኅበረሰቦችን አጥንታ ያገኘችው ነገር ለድረ ገጽም ይሆናል። ደንቡን የሚኖሩበት ሰዎች ያወጡታል፤ ጠብ የሚፈታበት ርካሽና ቅርብ ቦታ አለ፤ ቅጣቱ ከትንሽ ጀምሮ ቀስ እያለ ይከብዳል። የብዙ ግሩፕ አድሚኖች ሁለት ቅጣት ብቻ አላቸው፦ ዝም ማለትና ማባረር። በመሃል ምንም የለም። እኔ የምመርጠው መጀመሪያ በግል መናገር፣ ቀጥሎ ያንን አንድ ገጽ ብቻ ለአንድ ቀን እንዳይነካ ማድረግ፣ ከዚያ ለሳምንት፣ ማባረር በመጨረሻ። አብዛኛው ሰው በግል ሲነገረው ይሰማል። በአደባባይ የተናገርከው ሰው ግን ፊቱን ለማዳን ሲል ይብስበታል።

አሁን የምለይበት። ሰውን ከጽሑፉ ፈጽሞ አታላቁት። ሰው የሚመጣው ለሰው ነው። “ይህን የጻፈው ያ መካኒክ ነው” ብሎ ማወቅ፣ እሱን መጠየቅ መቻል፣ መተዋወቅ፣ ይህ ሁሉ ከጠፋ ቦታው ይበርዳል። ችግሩ ሰው መታየቱ ላይ አይደለም፣ ሰው በቁጥር መታየቱ ላይ ነው። ፕሮፋይል ይኑር። ላዩ ላይ የተከታይ ቁጥር አይኑር፤ “በእነዚህ ገጾች ላይ ሠርቷል” የሚል ይኑር።

---

ብዕርና_ላጲስ፦

የድሮ_አወያይ፣ ይህን እቀበልሃለሁ። ዊኪፔድያም በ2013 የምስጋና ቁልፍ አስገብቷል፤ ለአንዲት ማስተካከያ፣ ለሠራት ሰው የሚላክ ነው፣ ቁጥሩም ጽሑፉ ላይ አይለጠፍም። የማላውቀው ሰው ስላረምኳት አንዲት የቀን ስሕተት ምስጋና ሲልክልኝ ውሎዬ ይቀናል። ያንን ከሰው አልነፍግም።

---

መዝገብ_ቤት፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ሳነብ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን በቤተ መጻሕፍት ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ሁላችሁም ስለ መሰብሰቡ ነው የተናገራችሁት፤ እኔ ስለ መቆየቱ ልናገር።

ይህ የናንተ ሐሳብ ከኮምፒውተር ይቀድማል። ፖል ኦትሌ እና ኦንሪ ላ ፎንቴን የተባሉ ሁለት ቤልጅጋውያን እ.ኤ.አ. በ1895 ብራስልስ ላይ የዓለምን ጽሑፍ ሁሉ በካርድ መመዝገብ ጀመሩ። ላ ፎንቴን በ1913 የሰላም ኖቤል የተሸለመው ሰው ነው፤ የሁለቱም እምነት ዕውቀት በአንድ ላይ ከተሰበሰበና ሰው ሁሉ ከደረሰበት ሕዝቦች ይቀራረባሉ የሚል ነበር። ካርዱ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ከየአገሩ ሰው በደብዳቤ ይጠይቃል፣ ሠራተኞቹ መሳቢያውን እየከፈቱ የሚፈለገውን ገልብጠው ይልካሉ። በወረቀት የተሠራ የፍለጋ ሞተር በሉት። በኋላ ሙንዳኔየም ተባለ። በ1934 መንግሥት ሕንፃውን ዘጋባቸው፤ በ1940 ጀርመኖች አገሪቱን ሲይዙ ክምችቱ ተነሣ፣ ብዙውም ጠፋ። ኦትሌ በ1944 ሞተ። የተረፈው ዛሬ ሞንስ በምትባል ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይታያል።

ከዚያ ሁሉ ሥራ እስካሁን በሕይወት ያለው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ ቤት ውስጥ ያልተቀመጠው። አሜሪካዊው ዴዊ ካወጣው የመጻሕፍት ምደባ ተነሥተው ያዘጋጁት ዓለም አቀፍ የአሥርዮሽ ምደባ በየአገሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለገባ ዛሬም ይሠራበታል። ካርዶቹ አንድ ቦታ ነበሩ፣ አለቁ። ዘዴው በሰው ሁሉ እጅ ነበር፣ ተረፈ።

ኢንተርኔትም ከወረቀት የጸና እንዳይመስላችሁ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2024 ባወጣው መሠረት በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አይከፈቱም ነበር። ብሩስተር ካል በ1996 የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠውን ኢንተርኔት አርካይቭን ባይመሠርት ኖሮ ብዙው የት እንደገባም አይታወቅም ነበር።

እንግዲህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ሙሉው ክምችት ማንም ሰው አውርዶ ሌላ ቦታ ሊያቆመው በሚችልበት መልክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍት ይሁን። ገንዘብ ቢያልቅባችሁ፣ ብትጣሉ፣ ቦታውን አንድ ባለጸጋ ገዝቶ ቢያበላሸው፣ ሥራው ከናንተ በኋላ ይኑር። ሁለተኛ፣ የፈቃዱን ነገር፣ ሌላ ሰው ጽሑፉን በምን ደንብ እንደሚጠቀምበት የሚወስነውን፣ ነገ አትበሉ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚባለው ፈቃድ፣ ተጠቃሚው የጸሐፊውን ስም እየጠቀሰ በተመሳሳይ ፈቃድ እንዲያጋራ የሚያስገድደውን ዓይነት ብትመርጡ መልካም ነው። ዊኪፔድያ የጀመረው ለሶፍትዌር መምሪያዎች በተዘጋጀ ሌላ ፈቃድ ነበር፤ በ2009 ወደዚህ ለመዛወር ያ የድሮው ፈቃድ ራሱ መሻሻልና ማኅበረሰቡ ድምፅ መስጠት ነበረበት። ብዙ ሰው ከጻፈ በኋላ እያንዳንዱን ፈልጎ ማስፈቀድ አይቻልም።

---

ችግኝ፦

ሰላም። ጥያቄ አለኝ። አሁን ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አይደለም እንዴ? ማን መጥቶ ይጽፋል?

---

ድርና_ማግ፦

ችግኝ፣ እኛም በዚህ ብዙ ተከራክረናል። እነዚያ ሶፍትዌሮች የሚያውቁትን ያወቁት ሰዎች በይፋ ከጻፉት ነው። ፕሮግራመሮች የሚጠያየቁበት ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለ ድረ ገጽ ላይ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ከ2022 መጨረሻ ወዲህ በጣም ቀንሰዋል፤ ሰው በግሉ ይጠይቃል፣ መልሱን በግሉ ያገኛል፣ ለሚቀጥለው ሰው የሚቀር ነገር የለም። መካኒኩ ከድምፅ የሚለየውን ነገር ደግሞ ማንም ስላልጻፈው ማሽኑም አያውቀውም። ስለዚህ ለእኔ ይህ ሥራ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ያስፈልጋል።

ጋሼ መዝገብ ቤት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ማውረጃውን ለሁለተኛው ዓመት ነበር የያዝነው፤ ዛሬ ማታ ወደ መጀመሪያው ወር አመጣነው።

አንድ ነገር ግን ገና አልጠራልኝም። ዊኪፔድያ ምንጭ በመጠየቅ ራሱን ይጠብቃል። እኛ ልምድን እንቀበላለን ካልን በምን እንጠብቃለን?

---

የድሮ_አወያይ፦

ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። የነርሷን ምሳሌ ስታነሣ የሰጋሁትም ለዚህ ነው። ሕፃን ማባበሏን ጻፈች፣ ደግ። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ሰው መጥቶ “ለእኔ ልጅ ይህን ያህል መድኃኒት ሰጥቼው ዳነ” ብሎ ይጽፋል። እሱም ልምድ ነው። ሰው ይሞትበታል።

---

ብዕርና_ላጲስ፦

ስጋቱ እውነት ነው፤ እኔም ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። የምለው ይህ ነው፦ ምንጭ የሚለውን ጥያቄ አትተዉት፣ አስፉት። እያንዳንዱ አንቀጽ ሲጻፍ ሥርዓቱ ጸሐፊውን “ይህን እንዴት አወቅህ?” ብሎ ይጠይቀው። ለክቼ፣ አንብቤ፣ ሠርቼ፣ ሰምቼ። ከአራቱ አንዱን ሳይመርጥ አይቀመጥለት። አንብቤ ያለ የት እንዳነበበ ይጻፍ። ሠርቼ ያለ በምን ዓይነት ዕቃ፣ በምን ሁኔታ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሠራ ይጻፍ። ሰምቼም ይግባ፤ ብዙ ጥሩ ዕውቀት የሚጀምረው ከመስማት ነው፣ አንባቢው ብቻ መስማት መሆኑን ይወቅ። ምልክቱ ከአንቀጹ ጎን ይታይ።

ከዚያ ሌላ ሰው መጥቶ “እኔም ሞክሬው ሠራ” ወይም “ሞክሬው አልሠራም፣ የእኔ ሞተር ግን የናፍጣ ነው” ይላል። ያ ላይክ አይደለም። ስለ ነገሩ የተሰጠ ምስክርነት ነው፣ ከነሁኔታው። አይናቹራሊስት በሚባል ድረ ገጽ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ስላየሁ ነው ደፍሬ የምናገረው። አንድ ሰው ያየውን ወፍ ወይም ተክል ፎቶ ያስገባል፣ ሌሎች ዝርያው ምን እንደሆነ ይናገራሉ፤ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት በዝርያው ከተስማሙ፣ ቀኑና ቦታውም ካለ፣ መረጃው ለምርምር የሚበቃ ተብሎ ይመደባል። ሳይንቲስቶች ይጠቀሙበታል። እዚያ ጀማሪው ከሊቁ ጋር ሲነጋገር ታያለህ፣ ንግግሩም ስለ ቅጠሉ ቅርጽ ነው። በይነመረብ ላይ ካየኋቸው ቦታዎች ሰው ለሰው እንደዚያ የዋህ የሚሆንበት ጥቂት ነው።

ስለ መድኃኒት መጠን ግን ከየድሮ_አወያይ ጋር ነኝ። በዚያ ርዕስ ሠርቼና ሰምቼ አይፈቀዱ። ለክቼም አይበቃም። አንብቤ ብቻ፣ እሱም ከታወቀ የሕክምና መመሪያ። ለኤሌክትሪክና ለጋዝ ሥራም እንዲሁ አድርጉ። የትኞቹ ርዕሶች እንዲህ እንደሚጠበቡ ዝርዝሩን ማኅበረሰቡ ያውጣ፤ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታም ይቀመጥ።

---

የድሮ_አወያይ፦

በዚህ እስማማለሁ። አንድ ጨምሩበት፦ “ሞክሬው አልሠራም” የሚለው “ሠራ” ከሚለው እኩል ጎልቶ ይታይ። የሰው ልብ የሠራውን ብቻ ማውራት ይወዳል፣ ያልሠራበትን ሰው ደግሞ ማንም አይጠይቀውም።

ውይይቱም ማለቂያ ይኑረው። ከገጹ ሥር የሚነሣ ክርክር ሁሉ አንድ ሰው ከክርክሩ የተገኘውን ገጹ ላይ ሲያስገባ ይዘጋ። በአንድ ወር ምንም ካልተገኘበት ወደ ማኅደር ይግባ፤ አይሰረዝ፣ ግን ከፊት ይነሣ። ቅድም የጠቀስከው ናዳ የሚገታው በዚህ ነው።

---

ድርና_ማግ፦

አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ሌሊቱን ሦስታችንም አንብበን ተነጋገርን። የወሰንነውን ልንገራችሁ።

ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ አንከፍትም። በሞተርና በማሽን ጥገና እንጀምራለን፤ ከሦስታችን አንዱ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ስለሆነ ገጾቹን የሚያርም ሰው አለን። ጤናን ለጊዜው አናስገባም። “እንዴት አወቅህ?” የሚለው ጥያቄ በመጻፊያው ቅጽ ላይ ከርዕሱ ቀጥሎ ይገባል። ይፋ የሚታይ የላይክና የተከታይ ቁጥር የለም። ምስጋና አለ፣ ለግለሰቡ ይደርሳል። “ሞክሬው ሠራ” እና “ሞክሬው አልሠራም” ጎን ለጎን በእኩል መጠን ይቀመጣሉ። ማሽን ብቻውን የአዲስ ሰውን ጽሑፍ አይሰርዝም፤ ይጠቁማል፣ ሰው አይቶ ይወስናል፣ ለሰውየውም በስሙ ተጠርቶ የተሰረዘበት ምክንያት ይጻፍለታል። ሙሉው ክምችት ማንም እንዲያወርደው በየሳምንቱ ይቀርባል።

አሁን ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። አንድ ሰው ለዓመታት ጽፎ አንድ ቀን “ሁሉንም አጥፉልኝ፣ ልውጣ” ቢልስ? አንደኛው ጓደኛችን የጻፈው የእሱ ነው፣ ይጥፋለት ይላል። እኔ ደግሞ ሌሎች በላዩ ላይ የገነቡት ገጽ ሊፈርስ ነው ብዬ እፈራለሁ።

---

መዝገብ_ቤት፦

ልጄ፣ ስሙን አጥፉለት፣ ሥራውን አቆዩ። በተከፈተ ፈቃድ የተሰጠ ጽሑፍ አይመለስም፤ ሌላ ሰው አውርዶት ሊሆንም ይችላል፣ አጠፋንልህ ብትሉት ውሸት ይሆንባችኋል። ስሙን ግን ከገጾቹ ታሪክ ውስጥ አውጥታችሁ በማይታወቅ መጠሪያ መተካት ትችላላችሁ። ስለ ራሱ ወይም ስለ ቤተሰቡ የጻፈው የግል ነገር ካለ እሱ ይውጣለት፣ አትከራከሩት። ይህን ሁሉ ደግሞ ሰውየው ሊወጣ ሲል አይደለም የምትነግሩት፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሊያስቀምጥ ሲል፣ ከማስቀመጫው ቁልፍ በላይ፣ በሁለት ግልጽ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት።

---

ድርና_ማግ፦

እንዲህ ይሁን። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ነገ ጽፌ እዚሁ አመጣቸዋለሁ፤ ጋሼ፣ እርስዎ ያርሙልኛል።